ጭብጨባ አስጀማሪው

የዚያን ቀን ጠዋት ነጎድጓድ ቁርሱን ሊበላ ሲቀመጥ ሳህኑ ላይ ያገኘው ዳቦ ሳይሆን ጓንት ነው። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተሰፋ፣ ጣት የሌለው፣ ውስጡ ጥጥ የተጠቀጠቀበት አንድ ጥንድ ጓንት። ዳቦውማ አጠገቡ አለ፤ ሻዩም ተቀድቶለታል። እህቱ ምን ብትቀየመው አታስርበውም። ግን ውጭው ገና በጠዋቱ ፀሐይ ነው፣ በዚህ ወር እንኳን ጓንት ካልሲም ይሞቃል። አገላብጦ አየው። ስፌቱ የእሷ ነው፣ ጥብቅና ድርብ። "ይሄ ደግሞ ምንድነው እትዬ?" አላት። እህቱ መልሱን ለእሱ አልሰጠችም። ፊቷን ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው አዙራ፣ "አንዳንድ ሰው እጁን ያሳክከዋል፤ ሸፈን ቢያደርገው ይሻለዋል ብዬ ነው" አለችው፣ ማንቆርቆሪያውን። ሰሞኑን እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። ለእሱ የሚነገረው ሁሉ በማንቆርቆሪያው፣ በመጥረጊያው፣ አንዳንዴም በግድግዳው በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በአንድ መጋረጃ ብቻ ተለያይተው የሚኖሩ እህትና ወንድም እንዲህ ሲኮራረፉ ቤቱ ይጠባል። መጋረጃዋን ገልጣ ወደ ውስጥ ገባ ስትል፣ እሱ ቀስ ብሎ ጓንቱን አጠለቀና አንዴ አጨበጨበ። "ፑፍ" አለ። ደገመው። "ፑፍ።" ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማና ወዲያው ወደ ሳል ተቀየረ። ይቺ ሳል ትንሽ ልቡን አሞቀችው፤ ጓንቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ነጎድጓድ በሙያው ለሳኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን እጁ በሲሚንቶ ጠንክሮ ጣውላ ሆኗል፤ ሁለቱ መዳፎቹ ሲገናኙ የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው ነው ቅጽል ስሙን ያወጣለት። የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ በጠራ ቁጥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዳሩን የያዘችው ወንበር የእሱ ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ንግግሩን ያንበለብለዋል፤ ጭብጨባ ያማረው ጊዜ መነጽሩን ያወልቃል። ነጎድጓድ መነጽሩ ከአፍንጫ ሲነሳ ያይና አንድ ጊዜ "ጧ!" ያደርጋታል። ጥቂት ይጠብቅና "ጧ! ጧ!" ይላል። ከዚያ በኋላ እሱ ባይኖርም ይሆናል፤ አዳራሹ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ማን ምን እንዳለ የሚያዳምጥ የለማ! ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች የሚሠሩትን ሹራብ ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው ያጨበጭባሉ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሽማግሌዎች ሳይነቁ ያጨበጭባሉ፤ በር ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራው ሰው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሲበርድ ኃላፊው "የሚቃወም አለ? የለም፤ በጭብጨባ ጸድቋል!" ይላል። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚላቸው፤ በመካከላቸው መርፌ አይገባም። በዚህ ዓይነት የቆሻሻ ገንዳው ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ተነስቶ ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ተቀምጧል፤ የጥበቃ መዋጮም በእጥፍ ጨምሯል። መዋጮው የጨመረ ዕለት ነጎድጓድ አዳራሹን አንቀጥቅጦ ሲያበቃ፣ የእሱም መዋጮ መሆኑ ትዝ ያለው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚጸድቀው ጉዳይ ግን የእህቱ ነው። ከቤቶቹ ወደ ዋናው መንገድ የምታወጣ ጠባብ መተላለፊያ አለች፣ በጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር የምታልፍ። ሰፈሩ ዳቦ ለመግዛትም፣ ታክሲ ለመያዝም፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድም የሚወጣው በእሷ ነው። እህቱ መግቢያዋ ላይ ሸራ ወጥራ፣ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ፣ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥርና ስታስረዝም፣ ዚፕ ስትቀይር ነው የኖረችው፤ የቤት ኪራዩም የሁለቱ ምሳና እራትም ከዚያች መኪና ነው የሚወጣው። ጽሕፈት ቤቱ መተላለፊያዋን በግንብ ሊዘጋና የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጋት ነው። የመኪና ማቆሚያ ተብሎ አይጠራም እንጂ፤ ስሙ "የአካባቢ ውበትና ጸጥታ ማሻሻያ" ነው። እሷ ተነስታ የት እንደምትሄድ ግን አንድም ሰው አልተናገረም። ጉዳዩ ሕዝብ ሳይወያይበት እንደማይወሰን በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። እንዲያ ተብሎ ሳለ፣ ነጎድጓድ ወደ መተላለፊያዋ ሲደርስ ብሎኬቱ ተደርድሯል፣ አሸዋው ተራግፏል፣ ሲሚንቶው ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል፤ ግንበኛው ብሎኬት ላይ ተቀምጦ በስኒ ሻይ ይጠጣል። የሥራ ባልደረባው ነው፤ እሱ የገነባውን ነጎድጓድ ስንቴ ለስኖለታል።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለው።

"አንተን ነዋ!" አለ ግንበኛው። "አጨብጭብና ልጀምር። ቶሎ በል እንጂ፣ የቀን ሥራ ነው የያዝኩት፤ ሕዝቡ እስኪወያይ ሲሚንቶው ይደርቅብኛል።" ሁለቱም ሳቁ። የነጎድጓድ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀች።

ነጎድጓድ ወደ ኃላፊው ቢሮ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሮው ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ ከተገዙ ጀምሮ የተጠቀለሉበት ላስቲክ ስላልተነሳላቸው የተቀመጠ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንጫጫሉ። መጋረጃው ከላይ አረንጓዴ ነው፣ ከታች ፀሐይ በልቶት ወደ ቢጫ ሄዷል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። የሚፈራ ሰው ነው። ባለፈው ወር ከበላይ የመጣ ትልቅ ሰው መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ መንገድ ዳር ቢያቆመው ጋሪ ጫረበት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ላስቲኩም አብሮት ይጮኻል። "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ" አለው ነጎድጓድን። "ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። የኛ ሥርዓት ሕዝባዊ ሥርዓት ነው፤ ሕዝቡን ሳናወያይ አንዲት ጠጠር አናነሳም።" ነጎድጓድ በመስኮቱ በኩል የብሎኬቱን ቁልል አየ። ኃላፊው መሳቢያውን ከፈተና የቁልፍ ዘለላ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "የአዳራሹ ቁልፍ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቋሚ የአዳራሽ ኃላፊ እንቀጥራለን። ደመወዝ በወር፣ ዕረፍት በዓመት። ጉልበትህ እንደከዳህ ሰምቻለሁ።"

ቋሚ ሥራ! የነጎድጓድ ጉልበት መሰላል በወጣ ቁጥር መጮኽ ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ ሥራ ይገኛል፣ ነገ የለም፤ የዳቦው ዋጋ ሲጨምር ዳቦው ደግሞ ያንሳል። ቁልፉን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ሆኖም ዓይኑን ከቁልፉ ሳያነሳ፣ "እህቴስ አለቃ?" አለ።

"እህትህ ዜጋ ነች" አለ ኃላፊው፣ እንደ ምሥራች። "የዜጋ መብት ደግሞ የተጠበቀ ነው።"

"የት ነው የተጠበቀው?" ነጎድጓድ ይህን ሲጠይቅ ነገረኛ ለመሆን አልነበረም፤ ቦታውን ቢያውቅ ሄዶ ሊያመጣላት አስቦ ነው። ኃላፊው ግን ጥያቄውን እንደ ዝንብ በእጁ መለሰው። "በሂደት ይታያል። አንተ ብቻ መነጽሬን ተመልከት። አንተ ማለት ሕዝቡ ነህ፤ አንተ አጨበጨብክ ማለት ሕዝቡ አጨበጨበ ማለት ነው።" ስልኩ ጮኸ፤ ኃላፊው ብድግ አለ፤ ነጎድጓድም ሹልክ ብሎ ወጣ።

በምሳ ሰዓት እግሩ ሳያስበው እህቱ ዘንድ ወሰደው። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው፣ የጠበባቸውን ሱሪ ሊያስለቅቁ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሸራው ጥላ ውስጥ ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ ስለሌለ ነጎድጓድ ግማሽ ጥላ ግማሽ ፀሐይ ላይ ቆመ። መኪናዋ ትንጣጣለች፤ መንገደኛው "እንዴት ዋልሽ፣ ተሰፋልኝ ወይ?" እያለ ያልፋል፤ እሷም "ነገ፣ ነገ" ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል፣ "ጋሼ" አለች፣ "እዚህ ፀሐይ የሚሞቀው ሰውዬ ሥራ ከሌለው ጥቁሩን ክር ያቀብለኝ ይበሉልኝ።" ጋሼ ነጎድጓድን ቀና ብለው አዩትና፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው፣ "ጥቁሩን ክር አቀብላት ትልሃለች" አሉት። አቀበላት። ተቀበለችው፣ አላየችውም።

"ጋሼ" አለ እሱም በተራው፣ "ቋሚ ሥራ ነው በሉልኝ። ጉልበቴ አልቋል፣ ከእንግዲህ መሰላል አልችልም በሉልኝ። እኔ ባላጨበጭብም ሌላ ሰው ማጨብጨቡ አይቀርም በሉልኝ።" ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊያስተላልፉ ሲሉ መኪናዋ ቀጥ አለች። እህቱ እጇን ከመንኮራኩሩ ላይ አላነሳችም። "ጋሼ፣ ቋሚ ሥራ መልካም ነው በሉት" አለች በመጨረሻ። "እኔም ቋሚ ሥራ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።" ጋሼ ይህን አላስተላለፉም፤ ሱሪያቸውን ጭናቸው ላይ ማስተካከል ጀመሩ። ነጎድጓድ እጁን ኪሱ ቢከት ጓንቱ ነው ያገኘው፤ መልሶ አወጣው። እዚያ ቆሞ ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለውና፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወደ አዳራሹ አዘገመ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ለዚህ ስብሰባ ሻይና ብስኩት አለ ስለተባለ። የቆርቆሮው ጣሪያ ስለጋለ ወንዱ ኮቱን፣ ሴቱ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ነው የተቀመጠው። መድረኩ ላይ ኃላፊው፣ በቀኙ ወጣቱ ጸሐፊ ከቃለ ጉባኤው ጋር፣ ከፊታቸው ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፤ ጨርቁ ላይ ውሃ፣ ከውሃው አጠገብ፣ ሆን ተብሎ ይሁን ሳይታሰብ፣ ያ የቁልፍ ዘለላ። ነጎድጓድ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቁልፎቹ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ገቡ። እህቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ እንዳለች ሳይዞር አውቋል፤ ጀርባው ነገረው። ኃላፊው ጀመረ። ስለ ልማት ተናገረ፣ ስለ ውበት ተናገረ፣ ስለ ጸጥታ ተናገረ፤ መተላለፊያዋ የሌቦች መሸሸጊያ ናት አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚያች መተላለፊያ የተሰረቀ ነገር ቢኖር የእህቱ መቀስ ነው፣ እሱንም የወሰደው የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ነው፣ ጥፍሩን ሊቆርጥበት። ከሙቀቱ የተነሳ የኃላፊው ፊት ላቡን ያንቆረቁራል። ነጎድጓድ ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ አልነቀለም። ሁለቱ መዳፎቹ ጭኑ ላይ ተጋድመዋል፤ ያልባቸዋል። አጨብጭብ ይለዋል ጉልበቱ፤ ተው ይለዋል ጀርባው።

ኃላፊው ንግግሩን ከመጨረሱ በፊት፣ "ዲሞክራሲያዊ አሠራራችን ስለሚያስገድደን አንድ ጥያቄ እንቀበላለን" አለና ዙሪያውን ቃኘ። አንድ ያለው ከለመደው ነው፤ ሌላ ጊዜ አንድም አይነሳም። ዛሬ ግን ከመሀል ረድፍ እማማ ከዘራ ተነሱ። እማማ ከዘራ ከከዘራቸው ተለይተው ስለማይታወቁ ነው ይህ ስም የወጣላቸው፤ ሲነሱም መጀመሪያ የሚነሳው ከዘራው ነው። "ልጄ" አሉት ኃላፊውን፣ "እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። በመተላለፊያዋ ነው የምሄደው፣ ግድግዳውን ተደግፌ። እሷን ከዘጋችኋት በየት በኩል ልሄድ ነው? ዞሬ ከሄድኩ እኮ እዚያ ሳልደርስ ግፊቱ ራሱ ይጨርሰኛል!"

ኃላፊውን ጥያቄው ሳይሆን ሙቀቱ አስጨነቀው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባና አቃጠለው። መሐረቡን አወጣ፤ መነጽሩን አወለቀ።

ወይ ጉድ! የነጎድጓድ እጅ ነጎድጓድን አላማከረም። "ጧ!" አለ። ከዚያም "ጧ! ጧ!" አዳራሹ እንደ ጉድ ተቀበለው። ሹራቡ ጭን ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌዎቹ በእንቅልፋቸው አጨበጨቡ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ጸሐፊው የለመደውን፣ ከአሮጊቷ ጥያቄ ሥር "በከፍተኛ ጭብጨባ ጸደቀ" ብሎ ጻፈ። ነጎድጓድ ራሱ ያደረገው ነገር የገባው እማማ ከዘራን ባየ ጊዜ ነው። አሮጊቷ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ተጨብጭቦላቸው አያውቅምና ቆመው ቀሩ፤ ቀጥሎ ጀርባቸው ቀና አለ፣ ከዘራውን ከፍ አደረጉት። "ደግሞስ" አሉ፣ ድምፃቸው ጨምሮ፣ "ስንመክር ነው የምትዘጉት ወይስ ብሎኬቱን ካራገፋችሁ በኋላ ነው የምትመክሩን?" ኃላፊው በድንጋጤ መነጽሩን ገጭ አድርጎ አጠለቀ። በላቡ ላይ ነው ያጠለቀው፤ ጉም ሸፈነው። ምንም አላየም። መልሶ አወለቀ።

"ጧ! ጧ! ጧ!" እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይቺኛዋ በስህተት አልነበረችም። ወይም ግማሿ በስህተት ነበረች። አዳራሹ ጮኸ። አሁን ለምን እንደሚያጨበጭቡ የገባቸው ሰዎች መጡ፣ በየወንበሩ ሳቅ ፈነዳ፣ አንዱ ያፏጫል። ኃላፊው መነጽሩን በእጁ ይዞ "ይህ አይደለም! ይህ አይደለም!" ይላል፤ መነጽሩን ባወዛወዘው ቁጥር ይጨበጨብለታል። የነጎድጓድ ልብ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አሁን ዞሮ እህቱን አያት። እነሆ፣ ቦታሽ ተረፈ! ሊላት የፈለገው ይህን ነው። እህቱ ግን ቆማለች፤ አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ የሚጮኽ ሕፃን እንደምታባብል፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገቻቸው።

"አታጨብጭቡ!" አለች።

አዳራሹ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ ዝም አለ። እህቱ መናገር የለመደች ሴት አይደለችም፣ ከማንቆርቆሪያ ጋር ካልሆነ በቀር። "እግዜር ይስጣችሁ" አለች። "ግን አሁን ለኔ ያጨበጨበው እጅ ያን ቀን ለመዋጮው ያጨበጨበው እጅ ነው። ገንዳውን ልጆቹ በር ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። በጭብጨባ የሰጣችሁኝን ነገ አንድ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ በጭብጨባ ትነጥቁኛላችሁ። እኔ እንዲያ ያለ ቦታ አልፈልግም። እጃችሁን አውጡና ቁጠሩን። ዝጉት የሚል ያውጣ፣ አትዝጉት የሚል ያውጣ። ተቆጥሬ ከተሸነፍኩ መኪናዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ።" ይህን ብላ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ቀረች።

ነጎድጓድ ክው አለ። ምን ነካት! አሸንፋ ሳለ! እጅ ይውጣ ሲባል እኮ ኃላፊው ማን እንዳወጣ ያያል፤ ያየውን ደግሞ አይረሳም፤ ማን ደፍሮ ያወጣል? ኃላፊው ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቆጠራ! መነጽሩን በደንብ ጠርጎ አጠለቀና አዳራሹን ረድፍ በረድፍ፣ ሰው በሰው ተመለከተ። "ጥሩ! ይህ ነው ዲሞክራሲ! መዘጋቱን የሚደግፍ?" የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች እጅ አንድ ላይ ተነሳ። ዘበኛው አወጣ። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ አወጣ። ሌሎችም እዚህም እዚያም አወጡ፤ አንዳንዱ ብርድ እንደመታው የተሸማቀቀ እጅ ነው፣ ከጆሮ አይበልጥም። ኃላፊው ነጎድጓድን አየው። ቁልፉንም ነካ አደረገው። ነጎድጓድ ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጸሐፊው ቆጥሮ ጻፈ።

"የሚቃወም አለ?" ኃላፊው ከልማዱ የተነሳ "የለም" ሊል አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ጋሼ ከፊት ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዋጠው። አንድም እጅ አልተነሳም። ያን ጊዜ ነው ነጎድጓድ ያየው። ሰዉ ሁሉ፣ ከፊት ያለው ዞሮ፣ ከጎን ያለው አዘንብሎ፣ እሱን ያያል። መቼ ይጀምራል ብለው ነው የሚጠብቁት። አንድ እጅ ብድግ ቢያደርግ አዳራሹ በሙሉ ብድግ እንደሚል ያውቃል፤ እህቱም ትድናለች፤ ነገ ደግሞ ቁልፉን የያዘ ሌላ ሰው እጁን ሲያነሳ ይኸው አዳራሽ ብድግ ይላል። አሁን የተናገረችውን እሱ ካልሰማ ማን ሊሰማት ነው? ሁለት መዳፎቹን ከጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው። ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ተው፣ ተው፣ አውጡ እንጂ፣ እኔን አትዩ! ይላል በልቡ። እንዲህ የከበደው ግድግዳ ለስኖ አያውቅም። እህቱ ከኋላ ቆማ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ የወጣው ከዘራ ነው። እማማ ከዘራ እጃቸውን ለብቻው ማንሳት ስላቃታቸው ከነከዘራው አነሱት። ቀጥለው ጋሼ፣ ጠባቡ ሱሪያቸው እንዳይቀደድ እየተጠነቀቁ። ከኋላ ሹራብ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አወጡ፣ የአንዷ እጅ ላይ ክሩ እንደተጠቀለለ ነው። በር ላይ የቆመው ሰው ለስልኩ "ቆይ፣ ድምፅ ልስጥ" አለና አወጣ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሞግዚቶች አንዷ አወጣች፣ ሌላዋም ተከተለች። ግንበኛው እንኳ፣ የቀን ሥራው ሊቀርበት፣ "እኔም እኮ የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ" ብሎ አጉረመረመና በሲሚንቶ የነጣ እጁን አወጣ። እጆቹ እንደ ጭብጨባው ባንድ ጊዜ አልመጡም፤ እያንዳንዱ ሲነሳ ባለቤቱ ትንሽ ሲያስብ ይታይ ነበር። ጸሐፊው በእርሳሱ እየጠቆመ ከፊት ወደ ኋላ ቆጠረ፣ ተመልሶ ቆጠረ። ጎንበስ ብሎ ለኃላፊው ጆሮ ነገረው። "ጮክ በል!" አሉ እማማ ከዘራ። "የሚቃወሙት በልጠዋል" አለ ጸሐፊው ጮክ ብሎ። ኃላፊው ውሃ ጠጣ። "እንግዲያው" አለ፣ "እንግዲያው… አልጸደቀም።" ቃሉን አፉ ለምዶት ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ ነው የሞከረው። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ነው። ማጨብጨብ የከጀለው ቢኖርም እህቱን አየና ተወው።

ኃላፊው ሊያለቅስ የደረሰ ፊቱን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዞረ። ነጎድጓድ እጁ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንተ እንኳ አልከዳኸኝም የሚል ዓይን ነበር፤ ቁልፉንም ከጠረጴዛው ላይ ወደ ነጎድጓድ በኩል ጠጋ አደረገው። ነገሩ አብቅቷል። መተላለፊያዋ ክፍት ናት፣ እህቱም ከቦታዋ አትነሳም፣ የሱ እጅ ለማንም አያስፈልግም። ዝም ብሎ ቢቀመጥ በወር ደመወዝ፣ በዓመት ዕረፍት። ማንም አይቀየመውም። ነጎድጓድ ቁልፉን አየ፤ ጉልበቱም አብሮ አየ። ከዚያ የቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር መዘዘው። ደንዝዞ ነበር፣ ነዘረው። ወደ ላይ አነሳው። ዕድሜውን በሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነሳ ስለኖረ አንዱ ብቻውን ሲወጣ ሀፍረት ያዘው።

"ምንድነው?" አለ ጸሐፊው።

"እቃወማለሁ" አለ ነጎድጓድ። ድምፁን አዳራሹ ውስጥ ሲሰማው የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ከጭብጨባው በጣም ያንሳል።

"ቆጠራው እኮ አልቋል፤ ዘግይተሃል።" ኃላፊው ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ኪሱ ከተተው።

ከመጨረሻው ረድፍ እህቱ ወደ ፊት መጣች፣ በወንበሮቹ መሀል፣ የሰውን እግር እየተሻገረች። ወንድሟ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ማንቆርቆሪያ የለም፣ ጋሼም በመካከል የሉም፤ ፊቱን በቀጥታ አየችውና ጸሐፊውን ጠራችው።

"ቁጠረው እንጂ!" አለች። "ወንድሜ ነው፣ የዚህ ሰፈር ሰው ነው። አንድ ብለህ ጻፈው። ከአንድ በላይ ግን እንዳትጽፍለት!"

ጸሐፊው አንድ ብሎ ጻፈ።